ሳያነቡ ወረቀት የማይሰጡት ሴት

ወይዘሮ አየለች ባለፈው ሳምንት አረፉ። መርዶውን ያመጡልኝ ታናሽ እህታቸው ናቸው፤ ከመርዶው ጋር አንድ ጥያቄም ይዘው ነበር። «ጋሽ ታደሰ፣ የሕይወት ታሪኳን እርስዎ ይጻፉልን። አለቃዋ ነበሩ፤ ጽሕፈት ደግሞ ያውቁበታል» አሉኝ።

እውነት ነው፣ አውቅበታለሁ። በመንግሥት ሥራ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ጽፌ የላክሁት ደብዳቤ ለእርማት ተመልሶ የመጣበት ቀን ትዝ አይለኝም። በዚያው ዕለት አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ፤ በማግሥቱም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከአስከሬኑ ራስጌ ቆሜ አነበብኩት። የትውልድ ስፍራቸውን፣ የተማሩበትን፣ ያገለገሉበትን ዘመን አላዛነፍኩም። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግን እንዲህ ይል ነበር፦ «በሥራው አስፈላጊነት ወደ ቢታ ገነት ተዛውረው በትጋት አገልግለዋል።» ሕዝቡ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። እኔም ድምፄ ሳይሰበር አልፌው ሄድኩ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከወይዘሮ አየለች ጋር የሠራነው እዚሁ ቦንጋ፣ ለመልሶ ማልማት ሥራዎች የሕግ አገልግሎት በሚሰጥ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው፤ የምናገረው ጥፋት የእኔው ነው። መንገድ ሲሰፋ፣ የገበያ ማዕከል ሲታቀድ፣ የዳርቻው መንደር ወደ ከተማው ፕላን ሲገባ፣ በቦታው ላይ ያሉት ሰዎች ሕጉ በሚለው መሠረት እንዲነሡ ማድረግ የእኛ ሥራ ነበር። ለባለይዞታው የማስለቀቂያ ትእዛዝ ይሰጠዋል። በልኬቱ፣ በካሳው ወይም በተመዘገበው ስም ላይ ስሕተት አለ የሚል ካለ፣ ትእዛዙ ከደረሰው ቀን አንሥቶ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቅሬታውን ያቀርባል። ሠላሳው ቀን ካለፈ የሚሰማው የለም። ስለዚህ በእኛ ሙያ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ «ትእዛዙ መቼ ደረሰ?» የሚለው ነው።

ክፍሉን የምመራው እኔ ነበርኩ። ከሰሜን ተመድቤ የመጣሁ ሰው ነኝ። ቦንጋ ጎጆ ወጣሁባት፣ ልጆች አሳደግሁባት፣ ጡረታም ወጣሁባት፤ የአገሩን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን ግን አልተማርኩም። ቢሮው የሚሠራው በአማርኛ ስለነበር የጎደለብኝ ነገር አለ ብዬ አላሰብኩም።

ወይዘሮ አየለች የአገሩ ተወላጅ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ረጋ ያሉ፣ በዚህ አገር ዝናብ ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የፕላስቲክ ቦት ጫማ የሚያደርጉ ሴት። መነጽራቸው በጥቁር ክር ከአንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ሰነዱን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይይዙታል፤ ራሳቸው በዝናብ በስብሰው ይመጣሉ፣ ወረቀቱ ግን ጠብታ አይነካውም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ትእዛዝ ለማድረስ ሲሄዱ ወረቀቱን በር ላይ አይሰጡም። ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ እስኪሰበሰብ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ በአማርኛ እንደተጻፈው ያነባሉ፤ ቀጥለው ቃል በቃል በካፊኖኖ ይናገራሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ያወልቁና፣ «እስቲ አሁን እርስዎ ለእኔ ይንገሩኝ» ይላሉ። ባለይዞታው የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይነግራቸዋል። አንዲት ነገር ከሳተ «ከአናቱ እንጀምር» ብለው እንደገና ያነባሉ። መልሶ በትክክል ካልነገራቸው ሰው ፊርማ አይቀበሉም። ሰውየው ከቤት ካልተገኘ ለጎረቤት አይተዉም፤ ነገ ይመለሳሉ፣ ከነገ ወዲያም ይመለሳሉ።

የቢሮው ሰው ይቀልድባቸው ነበር። «ወይዘሮ አየለች ዛሬ ስንት ተማሪ አሳለፉ?» ይሏቸዋል። «ሁለት አለፉ፣ አንዱ ደገመ» ይላሉ ሳይስቁ።

አንድ ጊዜ አብሬያቸው ሄጄ ያየሁትን አልረሳም። አቶ ገብሬ የሚባሉ፣ ቡናና ኮረሪማ ያላቸው፣ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ዘንድ ነበር። ወይዘሮ አየለች አነበቡ፤ «እስቲ ይንገሩኝ» አሉ። አቶ ገብሬ ለእኔ እንዲገባኝ ብለው በአማርኛ መለሱ።

«መንግሥት በጣም ይወደኛል። ስለሚወደኝ ሂድ ይለኛል።»

«ፍቅሩን አላነበብኩም፣ ጋሽ ገብሬ። መሄዱን ነው ያነበብኩት። ከአናቱ እንጀምር።»

አነበቡ። ሽማግሌው አሁንም ሌላ ነገር መለሱ። በአምስተኛው ጊዜ እኔ ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ። ወይዘሮ አየለች ግን መነጽራቸውን አጥፈው በለሆሳስ፣ «ጋሽ ገብሬ፣ እርስዎ እኮ ከልጅነትዎ ጀምሮ ሲሰሙ ተሳስተው አያውቁም። ቅር ያለዎት ነገር አለ። እሱን ይንገሩኝና እኔው ልጻፍልዎት» አሏቸው።

ሽማግሌው ሳቁ፤ ከዚያም መሬት መሬት እያዩ፣ ለካሳው ሲቆጠር ከጓሯቸው ያለው እንሰት መዘለሉን ተናገሩ። ወይዘሮ አየለች እዚያው ጉልበታቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው ቅሬታውን ጻፉላቸው።

መንገድ ላይ ተቆጣሁ። «እርስዎ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ነዎት። በመሥሪያ ቤቱ ላይ አቤቱታ ይጽፋሉ?»

«የጻፍኩት የእርሳቸውን ቃል ነው፣ አቶ ታደሰ። መልሱን ደግሞ እርስዎ ይጻፉት። ሁለታችንም የዛሬ ደመወዛችንን ሠርተን በላን ማለት ነው።»

እንሰቱ እንደገና ተቆጠረ። አቶ ገብሬ በቀኑ ለቀቁ፤ ክርክር የለ፣ ፖሊስ የለ። ይህን ያኔም አይቼዋለሁ። ወይዘሮ አየለች ያነበቡላቸው ሰዎች ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ አላየሁም። ነገር ግን በሪፖርቴ ሠንጠረዥ ላይ «በስምምነት ያለቀ» የሚል ዓምድ አልነበረም፤ «በሳምንቱ የደረሰ ትእዛዝ ብዛት» የሚል ግን ነበር። በዚያ ዓምድ ውስጥ የእርሳቸው ቁጥር ሁልጊዜ ከሁሉ የሚያንሰው ነበር።

እንዲህ እያለ ትልቁ ሥራ መጣ። የዳርቻው መንደር በሙሉ ለመንገድና ለገበያ ማዕከል ሊነሣ ተወሰነ። ጊዜው ግንቦት መጨረሻ ነበር፤ ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ የማድረሱ ሥራ ካላለቀ በጀቱ ይቃጠላል ተባለ። አለቆቼ ጠሩኝ፤ እኔም መፍትሔ አለኝ አልኩ። መፍትሔዬ ሕዝቡን በአንድ ቀን ቀበሌው አዳራሽ ሰብስቦ፣ ማብራሪያ ሰጥቶ፣ ትእዛዙን ማደልና ማስፈረም ነበር።

ለወይዘሮ አየለች ስነግራቸው፣ «አዳራሽ ውስጥ ማን ነው መልሶ የሚነግረኝ?» አሉ።

«ማንም መልሶ እንዲነግር ሕጉ አያዝም።»

«ሕጉ ይድረሰው ነው የሚለው። መድረሱን በምን አወቅሁ?»

«በፊርማው።»

በስብሰባው ቀን የመዝገብ ቤት ቆጠራ እንዲሠሩ መደብኳቸው። ቆጠራው አስቸኳይ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በጥንቃቄ ልጻፍ፤ ስሕተቱ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነውና። የፈራሚዎቹን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሳቸው ባለይዞታዎች» የሚል ርእስ አለ። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ያለው ግን ተራ ቁጥርና ባዶ መስመር ብቻ ነው። በአገራችን ስብሰባ ላይ ወረቀት ሲዞር ሰው ምን መሆኑን አይጠይቅም፤ የተገኘ ሰው ስም መያዣ ነው ብሎ ይፈርማል፣ ከዚያ ለስላሳና ዳቦ ይቀበላል። ያንን ቅጽ ለስላሳው ከሚታደልበት ጠረጴዛ ያስጀመርኩት እኔው ነኝ። ሰው እንዳይቀርብን ብዬ ነው። ንግግሩ ሁሉ በአማርኛ ነበር። ትእዛዞቹ መውጫው በር ላይ ተደርድረው ነበር፤ ሊያልቅ ሲል ዝናቡ ወረደና ሕዝቡ ተሯሩጦ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ወረቀቶች ሰብስቤ በየፋይላቸው እንዲታሰሩ አዘዝኩ። ፊርማው ተሟልቶ ነበር። ለአለቆቼ ሪፖርት ሳደርግ ተመሰገንኩ፤ ምስጋናውንም ወደድኩት።

ከቀሩት ወረቀቶች አንዱ የእማማ ወርቄ ነበር። እማማ ወርቄ ባላቸው የሞተባቸው፣ አማርኛ እምብዛም የማይሰሙ ሴት ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ኋላ ተቀምጠው ሦስተኛው ገጽ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈዋል። ልኬቱን የወሰደው ቡድን የእርሳቸውንና የባላቸውን ወንድም ይዞታ አንድ ላይ ቀላቅሎ በወንድምየው ስም መዝግቦት ነበር። በትእዛዙ ላይ ተጽፏል፤ ያነበበላቸው ቢኖር በዚያው ቀን ያውቁት ነበር። ቅሬታ ካላቀረቡ ምትክ ቦታው ለወንድምየው ይሰጣል፤ እርሳቸውና ልጃቸው አስናቀች በራሳቸው ስም አንድ ክንድ መሬት አይኖራቸውም። ይህን ያወቁት ቀያሽ ችካል ሊተክል በመጣ ጊዜ፣ ሠላሳው ቀን ካለፈ ከቀናት በኋላ ነው።

ወይዘሮ አየለች አቤቱታውን ጻፉላቸው፤ ጉዳዩም ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ዘንድ ቀረበ። መሥሪያ ቤቱን ወክዬ የቀረብኩት እኔ ነኝ። እማማ ወርቄ ከልጃቸው ጎን ቆመው፣ የሚባለውን ከሰዎች ፊት ላይ ለማንበብ ይሞክሩ ነበር።

ሰብሳቢው ሦስተኛውን ገጽ አነሡና፣ «ይህ ገጽ የዚሁ ሰነድ አካል ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎን፣ ክቡር ሰብሳቢ።»

«ስለ ትእዛዙ ተነግሯቸዋል?»

«በስብሰባው ላይ ሰፊ ማብራሪያ ተሰጥቷል።»

ሁለቱም መልሶች እውነት ነበሩ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ የሚብስብኝ ይህ እውነት ነው።

ወይዘሮ አየለች ከኋላ ተነሡ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ገጹ ርእስ የለውም። ሰው ምን ላይ እንደፈረመ አይናገርም።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የዚሁ ክፍል ሠራተኛ ነኝ።»

ሰብሳቢው ግራ ተጋብተው አንዴ እኔን፣ አንዴ እርሳቸውን አዩ። «ታዲያ የሚናገሩት ለየትኛው ወገን ነው?»

«ወረቀት የደረሰበትን ቤት አውቃለሁ፣ ክቡር ሰብሳቢ። ስሠራው የኖርኩት ነው። እዚህ ቤት አልደረሰም።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ትእዛዙ በፋይሉ ውስጥ ታስሮ፣ ያውም ለእርሳቸው መድረስ የነበረበት ዋናው ቅጂ፣ እፊቴ ተቀምጦ ነበር። «የባልደረባዬ የግል አስተያየት ነው» አልኩ። አቤቱታው ከጊዜ ገደብ ውጭ ቀርቧል ተብሎ ውድቅ ሆነ። ይግባኙም በዚያው ምክንያት ወደቀ። ምትክ ቦታው ለወንድምየው ተሰጠ፤ እማማ ወርቄ ዋጫ ከተማ ወደምትኖረው ልጃቸው ወደ አስናቀች ሄዱ።

በወሩ የዝውውር ደብዳቤ አዘጋጀሁ። ያዘዘኝ የለም። ወይዘሮ አየለች ቢሮዬ ሲገቡ ደብዳቤውን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረግሁላቸው። አላነሡትም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያንብቡልኝ» አሉ።

«ወይዘሮ አየለች፣ ማንበብ እኮ ይችላሉ።»

«እችላለሁ። ያንብቡልኝ።»

አነበብኩ። በሥራው አስፈላጊነት፣ በቢታ ገነት ቅርንጫፍ ባለው የባለሙያ እጥረት፣ ያለዎትን የካበተ ልምድ ከግምት በማስገባት፣ እያልኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንግዲህ ልንገርዎት። እውነቱን በሰው ፊት ስለተናገርሽ ከዓይኔ ራቂልኝ ነው የሚለው። ልክ ነኝ?»

«እንዲያ አይልም።»

«እንግዲያስ አልገባኝም ማለት ነው። ከአናቱ ያንብቡልኝ።»

እስከ ዛሬ ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፣ እንደገና አነበብኩት። ሁለተኛው ንባብ ላይ ድምፄ ይሰማኝ ጀመር፤ እያንዳንዱ ቃል የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ስጨርስ «አሁን ለእርስዎ ደረሰ» አሉና ፈርመው ወጡ። በሩ ላይ ቦት ጫማቸውን ሲያጠልቁ ጎንበስ ብለው ትንሽ ቆዩ፤ እኔ ፋይል የማገላብጥ መሰልኩ።

ቢታ ገነት እስከ ጡረታቸው ሠሩ። ወደ ቦንጋ ከተመለሱ በኋላ መንገድ ላይ እንገናኝ ነበር። ባለቤቴን በስሟ ይጠይቁኛል፣ ልጆቼን በየተራ ይጠይቁኛል። ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። ቢሰድቡኝ ምናልባት እመልስ ነበር፤ ሰላምታቸው ግን መልስ የሚገኝለት አልነበረም። እኔም ሁልጊዜ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ፣ ዝናብ መጣ፣ ባጃጅ ቆመልኝ እያልኩ ተሰናበትኳቸው።

በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩን አንብቤ ስጨርስ አንዲት አሮጊት ከሰው መሐል ወጥተው እጄን ያዙ። ወዲያው አወቅኋቸው፤ እማማ ወርቄ ነበሩ። ጎንበስ ብለው እጄን ሳሙትና በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገሩ። አስናቀች ተረጎመችልኝ።

«ስለ እትዬ አየለች ይህን የመሰለ ቃል የጻፈ እጅ ይባረክ ነው የምትለው።»

«ያወቁኝ… እኔን ያውቁኛል?» አልኳት።

«ከእትዬ አየለች ቢሮ እንደነበሩ ታውቃለች። ስለ መሬቱ ስንጠይቃት እትዬ አየለች ሁልጊዜ ‹እኛ ቢሮ ተሳስተን ነው› ነበር የምትለን። ‹እኛ› ትላለች።»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ከሰው መሐል ገባሁ።

ከሠልስቱ በኋላ ቤቴ ተቀምጬ የምስክርነት ቃሌን ጻፍኩ። ገጹ ርእስ እንዳልነበረው፣ ቅጹ ከለስላሳው ጠረጴዛ መጀመሩን፣ የእማማ ወርቄ ትእዛዝ ሳይደርሳቸው በፋይሉ ውስጥ ታስሮ መቅረቱን፣ ይህንንም እያወቅሁ ኮሚቴው ፊት መደበቄን በዝርዝር ጻፍኩና ፈረምኩ። የሕግ ሰው ነኝና ከዚህ በኋላ ምን ያህል እንደሚፈይድ አልታለልም። ምትክ ቦታው ላይ ቤት ተሠርቶበታል፤ ጊዜውም ነጉዷል። አንድ ጠበቃ አማከርኩ፤ ሊሞከር ይችላል አለኝ፤ ከዚያ የበለጠ ተስፋ አልሰጠኝም።

ወረቀቱን ይዤ በሚኒባስ ዋጫ ወረድኩ። አስናቀች ቤት እማማ ወርቄ በረንዳው ላይ ቡና ይለቅሙ ነበር። አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ እንደ ቀብሩ ዕለት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። የጻፍኩትን ለአስናቀች በአማርኛ አነበብኩላት፤ እርሷ በየዓረፍተ ነገሩ እያቆመችኝ ለእናቷ ነገረች። ልክ ትንገራቸው፣ ታለዝብልኝ፣ ታክብድብኝ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። «እያወቅሁ» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ አስናቀች ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተረጎመችው፤ አሮጊቷ የያዙትን እጄን ቀስ ብለው ጭኔ ላይ መለሱት።

የለቀሙትን ቡና ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ልጃቸው።

«ምን አሉ?» አልኳት።

አስናቀች ዓይኗን ከእናቷ ላይ አላነሣችም። «የእትዬ አየለችን ቃል ማጽናኛ መስሏት፣ የዚያን ቀን ስብሰባው ላይ ደህና አድርጌ ሳልሰማ ቀርቼ ነው ብላ ነበር የምታስበው» አለች። «መሬትሽን ያጠፋሁብሽ እኔ ነኝ እያለች ስታለቅስ ነው የኖረችው። እኔም ጥፋቱ የእርሷ መስሎኝ…» አለችና አልጨረሰችውም።

ወደ እናቷ ዞረች። በካፊኖኖ ረጅም ነገር ተናገረች፤ እናትየው መለሱላት፤ እንደገና ተናገረች፤ እናትየው ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡ። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። ወረቀቱን እንደያዝኩ አጠገባቸው ተቀምጬ ቆየሁ። የሚሉትን አንዲት ቃል አልሰማሁም፤ የሚተረጉምልኝ አልነበረም፣ ተርጉሙልኝ ለማለትም አልደፈርኩም።